ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ብረት ገብቶልኛል፤ ጀሶው ወልቆም እግሬ አልታዘዝ አለኝ (ሐረር)

ሰፊው_ጀጎል ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሁለት ወር በላይ ሆነኝ፤ ዝናብ ጥሎ ድንጋዩ ረጥቦ ነበር። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች ስወርድ አዳለጠኝና ቀኝ እግሬ ከሥሬ ተጠማዘዘ። ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ራጅ ስነሳ ቁርጭምጭሚቴ በውጭም በውስጥም በኩል ተሰብሯል። እብጠቱ እስኪቀንስ በግማሽ ጀሶ አቆዩኝ፤ ከዚያ ከወገቤ በታች አደንዝዘው ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። በውጭ በኩል ብረት ከነብሎኖቹ፣ በውስጥ በኩል ሁለት ብሎን ገብቶልኛል።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ራጁን አየና «ጥሩ ይዟል፤ በክራንች ቀስ እያልክ መርገጥ ጀምር» አለኝ። ጀሶው ወለቀ። ሌላ ማብራሪያ የለም። ከኋላዬ ወረፋው እስከ በሩ ነበር፤ ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን ባቴ ሟሽሾ የግራውን ግማሽ አክሏል። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፤ ወደ ላይ ላነሳው ስል አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጠዋት ደህና ነው። ማታ ያብጣል። ተቀምጬ ወደ ታች ሳንጠለጥለው ደግሞ ይጠቁራል።

ማሽኔ በእግር የምትረገጥ ናት፣ ሞተር የላትም። እንጀራዬ ያለው በዚህ ቀኝ እግር ነው። መቼ ነው የምረግጣት? እብጠቱስ የጤና ነው? እናቴ በበኩሏ «አጥንቱን ሐኪም ገጥሞታል፣ ጅማቱን የሚያፍታታው ግን ወጌሻ ነው» ብላ ሰው ልካለች። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ።


የሳቢያኗ ጻፈች፦

ወንድሜ ምሕረቱን ያምጣልህ። የእኔ ግራ እግር ነው፤ እዚሁ ድሬ ነው የታከምኩት። ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ብረቱም አብሮኝ አለ። እብጠቱ አያስደንግጥህ። ራጁ ላይ አጥንቱ ያዘ ማለት እግሩ ዳነ ማለት አይደለም። ጫማዬ ሳይጨንቀኝ የገባልኝ ወደ ዓመቱ ገደማ ነው። ድሬ ሙቀቱ ሲበረታ ከቀትር በኋላ ሸበጥ እንኳ ይጠበኝ ነበር።

መጠቆሩም እኔ ላይ ነበር። ከፍ አድርጌ ስጋደም ይመለሳል። ከፍ ስልህ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ አይደለም። በጀርባህ ተኝተህ እግርህ ከልብህ በላይ ይሁን። እኔ ከፍራሹ ሥር፣ በግርጌ በኩል፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ አስገብቼ ነበር የምተኛው። ትራስ ሌሊት ይንሸራተታል፤ ፍራሽ የትም አይሄድም።

ማንም የማያወራው የሽንት ቤቱን ጣጣ ነው። የእኛ ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። በአንድ እግር ቁጢጥ በል እስቲ! ወንድሜ የፕላስቲክ ወንበር ገዝቶ መቀመጫውን በመጋዝ ቀደደና ቀዳዳው ላይ አቆመልኝ። እግሮቹ እንዳያዳልጡ ከሥራቸው የጎማ ቁራጭ አሰረበት። ለመታጠቢያ ደግሞ ሌላ ወንበር። ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ ይመጣል፤ የጠቀመኝ ግን ያ የተቀደደ ወንበር ነው።


ዋርያ_ለገሃሬ ጻፈ፦

አቦ ሐረሮች ድንጋያችሁን አስተካክሉ እንጂ!

ዋርያ፣ አብሽር። እኔ የምልህ ድሬ ውረድ። ከዚራ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ጥላ ነው፣ በጠዋት የሚገፋህ ሰው የለም። የባቡር ሰዎች ለክራንች ብለው የቀየሱት ነው የሚመስለው። ጀጎል ውስጥ በክራንች መሄድ ሰርከስ ነው።

የአክስቴ ልጅም ባጃጅ ተገልብጦበት እንዳንተው ሆኗል፣ ብረት ገብቶለታል። ጎረቤቶቹ «በድሬ ሙቀት ብረቱ ይግልና መቅኒህን ያቃጥለዋል» ብለው ልቡን አወለቁት። እውነት ነው እንዴ?


ሲስተር_ሸዋበር ጻፈች፦

ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ሐረር። ወንድማችን እግዜር ይማርዎት።

መጀመሪያ የብረቱን ወሬ እንጨርሰው። አይግልም። ያለው ሰውነት ውስጥ ነው፤ የሰውነት ሙቀት ደግሞ ድሬም ሆኑ ሐረር 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በሙቀት እግር የሚያብጠው የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ነው። ብረቱ ምንም የለበትም።

ማታ የሚመጣ፣ እግር ሲሰቀል የሚጎድል እብጠት የተለመደ ነው። ስድስት ወርም ዓመትም ሊቆይ ይችላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ባትዎ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ሲጫኑት ቢያምዎት፣ ሰቅለውት አድረውም ባይጎድል የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ትንፋሽዎ ድንገት ቢያጥር፣ ደረትዎን ቢወጋዎት ወይም ደም ቢያስልዎት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ነገር አይደለም።

ስፌቱ አካባቢ ቢቀላ፣ ፈሳሽ ወይም መግል ቢወጣው፣ ትኩሳት ቢኖርዎት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ የለመደብን ነገር አለ። ብረት ባለበት እግር ላይ ይሄ አያዋጣም። ላይ ላዩን ያደርቅና ውስጥ ውስጡን ይቆይብዎታል። ወደ ሠሩልዎት ሐኪም ይመለሱ።

ስኳር አለብዎት? ሲጋራስ?


ሰፊው_ጀጎል ጻፈ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ስኳር የለብኝም። ሲጋራ አለ። ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ደግሞ ጨምሯል፤ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል።

የሳቢያኗ፣ የወንበሩን ነገር ዛሬውኑ ለልጄ ነግሬዋለሁ።


ታጋሽ_ሰው ጻፈ፦

እኔ የምመክርህ ስድስት ወር ሙሉ መሬት እንዳታስነካው ነው። አንድ ጓደኛዬ ቶሎ ረግጦ ውስጡ ያለው ብሎን ተሰበረ። አጥንት ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሞቹ አልጋ ለማስለቀቅ ነው የሚያጣድፉት። ተኛ ወንድሜ፣ እረፍ።


ፊዚዮ_ድሬ ጻፈ፦

ስድስት ወር? ኧረ በፍጹም።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ድሬዳዋ ነው የምሠራው። የሰፊውን ራጅ ስላላየሁ ከሐኪሙ ቃል የሚጋጭ ነገር ከጻፍኩ የሐኪሙ ይበልጣል። ነገር ግን ሐኪሙ ራጅ አይቶ «ርገጥ» ካለ በኋላ ስድስት ወር መተኛት እግርን መግደል ነው። የቁርጭምጭሚት አጥንት ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይበቃዋል። ክብደት የማያርፍበት አጥንት ይሳሳል፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ይኮማተራል፣ ባት ይሟሽሻል። አሁን ሰፊውን የያዘው ስብራቱ አይደለም፤ መቀመጡ ያመጣው ድርቀት ነው። የጓደኛህን ብሎን በተመለከተ፦ በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች መሀል አግድም የሚገባ ብሎን አለ። እሱ አጥንቶቹ ሲላወሱ አንዳንዴ ይሰበራል፣ ሁልጊዜም ችግር አያመጣም። የሰፊው ዓይነት ብሎን ግን በልክ ስለረገጡት እንዲሁ አይሰበርም።

እንግዲህ ሰፊው፣ ሥራው እንዲህ ነው።

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ጀምር። ጉልበትህን ሳታነቃንቅ ከቁርጭምጭሚት ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ በአውራ ጣትህ አየር ላይ ፊደል ጻፍ። ሀ ሁ ሂ ሃ ብለህ እስከ ፐ ሂድ። ጽሑፍህ መጀመሪያ ጠባብና ጎባጣ ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ፊደሉ ይሰፋልሃል። ይህን በቀን አንዴ ረጅም ሰዓት ከመሥራት ትንሽ ትንሽ ብዙ ጊዜ መሥራት ይሻላል።

ቀጥሎ ነጠላ ወይም ፎጣ ያዝ። እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ፣ ነጠላውን ጣቶችህ ሥር አዙረህ በሁለት እጅህ ወደ ራስህ ሳበው። ባትህ ሲወጠር 30 ሰከንድ ያዝ፣ ልቀቅ። ሦስት ጊዜ። ጉልበትህን ቀጥ አድርገህም ትንሽ አጥፈህም ሥራው፤ ሁለቱ የተለያዩ ጡንቻዎችን ነው የሚይዙት። መወጠሩ ሊሰማህ ይገባል። ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከሆነ ግን ላላ አድርግ።

ክብደት ማሳረፉ ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። «በከፊል ርገጥ» ሲባል ስንት እንደሆነ በእግር አይታወቅም። ሸዋ በር አካባቢ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? ክፈልና የታመመውን እግር ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርገህ፣ ሌላውን መሬት ላይ፣ ክራንቾቹን በእጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ ተጫን። 20 ኪሎ ላይ ሲደርስ ቁም። ያንን ጫና በእግርህ አስታውሰው። እሱን ይዘህ ሂድ፣ ደህና ከሆንክ በየጊዜው ጨምር። መመዘኛው በማግስቱ ጠዋት ነው። ትናንት ሠርተህ ያመመህ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ላይ ነህ። ካልተመለሰ አብዝተሃል፣ ቀንስ እንጂ አታቁም።

ስትራመድ ተረከዝህ ይቅደም፣ ከዚያ ጣትህ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር አለ፦ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ሲለው እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይጎትታል። ይሄ ከተለመደ መንቀል መከራ ነው። እርምጃህ ይጠር፣ ግን ጣቶችህ ወደ ፊት ይመልከቱ። ክብደትህ በመዳፍህ ላይ ይረፍ፤ ክራንቹን ብብትህ ውስጥ ከወሸቅከው እጅህ ይደነዝዛል። ወደ አንድ ክራንች ስትወርድ በጤነኛው እግር በኩል ነው የሚያዘው። ደረጃ ስትወጣ ጤነኛው ይቀድማል፤ ስትወርድ ክራንቹና የታመመው ይቀድማሉ። የክራንቹን ጫፍ ጎማ ገልብጠህ እየው። ለስልሶ ከሆነ የጀጎልን ድንጋይ አይዝም፣ ዛሬውኑ ቀይረው።

አሁን ስለ ማሽኗ። ይሄን ጥያቄ ሳይ ደስ አለኝ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን እግር ለማፍታታት በእግር የሚረገጡ ማሽኖችን ይጠቀሙ ነበር። ተቀምጠህ ስትረግጥ የሰውነትህ ክብደት እግርህ ላይ አያርፍም፤ ቁርጭምጭሚትህ ግን ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። የሚያስፈልግህ እንቅስቃሴ እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የስድስት ወር ነገር አይደለም። ሐኪምህ መርገጥ ከፈቀደ ማሽኗን ባዶዋን ጀምራት። ቀበቶዋን አውልቅ፣ ጨርቅ አታስገባ። ሁለቱንም እግር ፔዳሉ ላይ አድርግ፤ ግራው ይንዳ፣ ቀኙ ተጭኖ ይሂድ። አምስት ደቂቃ ከሠራህ በኋላ እግርህን ስቀል። ሳያሳብጥህ ሲቀር ቀበቶዋን መልስ፣ ስስ ጨርቅ አስገባ። ጂንስ መጨረሻ ነው።

አንድ ነገር ጠንቀቅ በል። ሰፊ ሰው ሥራ ከያዘ አይነሳም። ሰዓት ሙላና ተነስ፤ ተቀምጦ እግር ማንጠልጠል ነው የሚያሳብጠው።


ሰፊው_ጀጎል ጻፈ፦

ያንተን ጽሑፍ ልጄ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ሚስቴ «ሰማህ?» ትላለች በየመሀሉ። እግዜር ያክብርልኝ።

አንድ የቤት ጥያቄ አለኝ። የተከራየነው የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ነደባው (ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡበት መደብ) ከፍና ዝቅ፣ ከፍና ዝቅ ነው። እስካሁን የምውለው ዝቅተኛው ላይ ነው። ወደ ላይኛው መውጣት ልለማመድበት ወይስ ይቅርብኝ?


ፊዚዮ_ድሬ ጻፈ፦

ለእኛ ክሊኒክ እንደዚያ ያለ ቤት ቢሰጡኝ ደስታዬ ነበር። አሁን በክራንችና በሰው ድጋፍ አንዷን ደረጃ ብቻ፣ ጤነኛው እየቀደመ። በታመመው እግር ገፍቶ መውጣት ያለ ክራንች መራመድ ስትችል የሚመጣ ነው። ምንጣፉን ግን አንሱት። የነደባ ምንጣፍ ከሥር ይሸራተታል።


የደደር_ልጅ ጻፈ፦

ስለ ወጌሻው ዝም ብላችሁ አለፋችሁት፣ እኔ ልናገር። አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ቀርከሃ አቀብላቸው ነበር፤ ስለዚህ ማንም «ወጌሻ ንቋል» እንዳይለኝ።

አያቴ ወለምታ ያሹ ነበር። የወለቀ ትከሻ ይመልሱ ነበር። ቁስል ያለበት ስብራት ግን አይነኩም፤ «ይሄ የእኔ አይደለም» ይሉና ይመልሱታል። ካሰሩ በኋላ ጣት ጣቱን እየጨመቁ ደም ሲመለስ ያያሉ። ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ እዚያው ይፈቱታል። ሁሉም እንደዚያ አይደለም። አጥብቀው አስረው፣ «ሕመሙ የመዳን ነው» ብለው አሳድረው፣ ጋንግሪን ገብቶ እጅ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን ስንት ጊዜ ሲናገሩ ሰምተናል።

በብረትና በብሎን የተያዘ እግር ላይ ደግሞ ወጌሻው ምኑን ነው የሚያፍታታው? ወጌሻ በእጁ አጥንት እየፈለገ ነው የሚሠራው። እጁ የብሎን ጭንቅላት ሲያገኝ «ያልገባ አጥንት» መስሎት ይጫነዋል። ገና ባልጠና አጥንት ላይ፣ ገና በተዘጋ ቁስል ላይ ማለት ነው።

እናትህን ግን በክርክር አትረታቸውም። ራጁን አውጣና መስኮት ላይ ለጥፈህ አሳያቸው። ሌላ ቃል አያስፈልግም።


የሳቢያኗ ጻፈች፦

የደደር ልጅ እጅህን ይባርከው። የእኔ አክስት ቅቤ አንጥረው መጥተው በር ላይ ነበር ያስቆምናቸው። ተቀይመው ሄዱ። የሚረዱኝ መስሏቸው ነበር፣ የመጡትም ከልባቸው ነው። ከዚያ በኋላ ምግብ አብስለው ሲመጡ ታረቅን።

ፊዚዮ፣ አንድ ልጠይቅህ። ጠባሳዬ ዙሪያ አሁንም ይይዘኛል፣ ቆዳው ከሥሩ የተጣበቀ ይመስላል። ብረቱም ቀጭን ስለሆንኩ በጫማ ጠርዝ ይነካል። ይውጣ?


ፊዚዮ_ድሬ ጻፈ፦

ጠባሳውን ቫዝሊን ነገር ቀብተሽ በጣትሽ ጫፍ በትንሽ በትንሹ አሽከርክሪው፣ ወደ ጎን ሳቢው። ቆዳው ከሥሩ ይላቀቃል። ሰፊውም ቁስሉ ቅርፊት ሳይኖረው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ይህን ይሥራ። እናቱ «አሹልኝ» ካሉ ይህችን ሥራ ለእሳቸው መስጠት ይቻላል፤ ጠባሳው ላይ ብቻ፣ በጣት ጫፍ ብቻ።

ብረቱ ካላስቸገረ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። በጫማ እየተነካ የሚያስቸግር ከሆነ ማስወጣት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የሚታሰበው። ግን እሱም ኦፕራሲዮን ነው። ብሎኖቹ የወጡባቸው ቀዳዳዎች እስኪሞሉ ድረስ አጥንቱ ለጊዜው ደካማ ስለሚሆን ሩጫና ዝላይ ይከለከላል። መጀመሪያ ሌላ ጫማ ሞክሪ።


የቀፊራ_ልጅ ጻፈ፦

ምግቡን ማንም አላነሳም! የግመል ወተት ጠዋት ማታ። የቅልጥም መረቅ። አብሽ። እኛ ሰፈር በዚህ ነው አጥንት የሚገጠመው። ጫትም ለሕመም ጥሩ ነው፣ ሰውየው ሥራ ፈቶ ከሚጨነቅ ይቃም።


ሲስተር_ሸዋበር ጻፈች፦

ወተቱ ይጠጣ፣ ግን ይፈላ። መረቁም ይጠጣ። መረቅ ብቻውን ግን አጥንት አይገጥምም። ሥጋውም አብሮ ይበላ፤ ካልተገኘ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል። ሰውነት አጥንትና ጡንቻ የሚሠራው በፕሮቲን ነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ መቀመጥም ጥሩ ነው፤ ቤት የዋለ ሰው ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል።

ጫቱን አልደግፍም። ምሥራቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ የማወራውን አውቃለሁ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አጥንቱ የሚሠራበትን ምሳ ያስቀራል። ሆድ ያደርቃል፤ ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) ከሚወስድ ሰው ጋር ሲደራረብ ደግሞ ጉድ ነው። በርጫ ላይ ሰዓታት ሳይነቃነቁ መቀመጥም አለ። ከሁሉ የሚብሰው ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ነው። ሲጋራ አጥንት የመያዣ ጊዜውን ያረዝማል፣ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሰፊው፣ ይሄ ለእርስዎ ነው። የሚያጨሱትን ካቆሙ ለዚህ እግር ከመረቁም ከወተቱም ይበልጥበታል።


ዋርያ_ለገሃሬ ጻፈ፦

ሲስተር በርጫችንን በተነችው እኮ 😄


ሰፊው_ጀጎል ጻፈ፦

ሰላም ናችሁ? ጠፋሁ። ጥቂት ሳምንት ሆነ፤ ወሬ ልንገራችሁ።

ራጁን መስኮት ላይ ለጠፍኩት። እናቴ ቀረብ ብላ አየችው፣ ብሎኖቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ «ይሄ ሁሉ ሚስማር አንተ ውስጥ ነው?» አለችኝ። ወጌሻው ቀረ። የጠባሳው ማሸት ግን ለእሷ ተሰጥቷል፤ ፊዚዮ እንዳለው በጣት ጫፍ። ማታ ማታ ዳዊቷን ከደገመች በኋላ ሥራዋ ነው።

ሸዋ በር ሚዛን ያለው ልጅ ጋ ሄድኩ። አንድ እግሬን ብቻ ሳስቀምጥ ግራ ገባው። «አባባ፣ ሙሉውን ሰውዬ ነው የምመዝነው» አለኝ። በአንድ እግር ግማሽ ሂሳብ አስከፍለኝ ብዬው ተሳሳቅን። አሁን ደንበኛው ነኝ፤ ስመጣ ሳልናገር ቁጥሩን ይጮህልኛል። አርባውን አልፌያለሁ። በአንድ ክራንች ነው የምሄደው። ጎማውን ሐረር ውስጥ ሳፈላልግ ከርሜ ክራንች የሚሸጥ ፋርማሲ ጋ ለብቻው አገኘሁት፤ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ የድሮውን ጎማ ይዞ ይሂድ፣ ውፍረቱ ይለያያል።

ማሽኗን ባዶዋን ረገጥኳት። የመጀመሪያ ቀን ግራ እግሬ ነው ሁሉን የሠራው፣ ቀኙ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ቀስ በቀስ መታጠፍ ጀመረ። አሁን የትራስ ልብስና የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋሁ ነው፤ ሱሪው ለልጁ ነው የሚተላለፈው። ፊደሉ ላይ ግን ችግር አለብኝ፤ «ቀ» ጋ ስደርስ እግሬ ይያዛል።

ሲጋራውን አልጨረስኩትም፣ ቀንሻለሁ። ሲስተር አትቆጪኝ።


ሲስተር_ሸዋበር ጻፈች፦

እቆጣለሁ እንጂ! ግን ጥሩ እየሄዱ ነው፤ የቀረውንም ይጣሉት።


ፊዚዮ_ድሬ ጻፈ፦

አርባ ካለፍክ ጥሩ ነው። ሙሉ ክብደትህን ያለ ሕመም ስትችል በታመመው እግር ብቻ ግድግዳ አጠገብ መቆም ጀምር። ጥርስህን ስትፋቅ ቁም። ይሄ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ነው፤ ስብራቱ ቁርጭምጭሚት የት እንዳለ ለአእምሮ የሚናገሩትን ነርቮችም ይጎዳቸዋል። እግሩ እየተጠማዘዘ ደግሞ የሚወድቅ ሰው ይሄን የዘለለ ነው። በሁለት እግር ተረከዝ አንስቶ መቆም ከዚያ ይከተላል፤ በአንድ እግር ማንሳት ወራት ሊወስድ ይችላል፣ አትቸኩል። ድንጋዩ ሲረጥብ ግን ሥራም ቢኖር ቤትህ ቆይ።


ዋርያ_ለገሃሬ ጻፈ፦

ፊዚዮ፣ እባክህ አንድ የመጨረሻ። የአክስቴ ልጅ ቀኝ እግሩ ነው። ክራንቹን ጥሎ ባጃጁን ሊያወጣ ይላል። ክላቹም ማርሹም በእጅ ነው፣ እግር የሚፈልገው ፍሬኑ ብቻ ነው ይላል። ልክ ነው?


ፊዚዮ_ድሬ ጻፈ፦

ልክ አይደለም። ፍሬኑ ነዋ ዋናው! ፍሬን ቀስ ብሎ የሚረገጥ ነገር አይደለም፤ ልጅ ድንገት ሲገባበት በደመ ነፍስ የሚመታ ነው። ያመመው እግር ሳያውቀው ይሳሳል፣ ያቺ ግማሽ ሰከንድ ትበቃለች። የቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው የተሠራላቸው ሰዎች ፍሬን የመርገጥ ፍጥነታቸው የሚመለሰው ከኦፕራሲዮኑ 9 ሳምንት ገደማ በኋላ እንደሆነ ያሳየ ጥናት አለ፤ የዘገየ ሰው የበለጠ ይቆያል። መጀመሪያ ያለ ክራንች ሳያነክስ ይሂድ። ከዚያ ሞተር ጠፍቶ ተቀምጦ ፍሬኑን ደጋግሞ በሙሉ ኃይሉ ይምታው። ፊቱ ከተጨማደደ አልደረሰም። ሐኪሙም ይወቅ። ደርሶም ቢሆን መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ባዶውን። ደንገጎን የመሰለ ቁልቁለት አይታሰብም።


ዋርያ_ለገሃሬ ጻፈ፦

ሰኞ ሊወጣ ነበር ያሰበው። ኦፕራሲዮኑ ገና ወር ከምናምኑ ነው። የባጃጁን ቁልፍ አክስቴ ጋ አስቀምጫለሁ፤ ከእሷ መውሰድ ከቻለ ድኗል ማለት ነው።